ከስድስት ጐራሽ ወደ አምስት ጐራሽ፤ የኪስ ሪቮልቨር አሠራርና ምርጫ ታሪክ

በአማርኛ «ሽጉጥ» የሚለው ስም «ሸጐጠ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር አለው። ጠመንጃ በትከሻ ይነገታል፤ ሽጉጥ ግን በልብስ ውስጥ ይሸጐጣል። ፈረንጆቹ መሣሪያውን «ሪቮልቨር» ሲሉት ስሙን ያወጡለት ከአሠራሩ፣ ማለትም ጥይት የጐረሰው ከበሮ ከመሽከርከሩ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ደግሞ ይህንኑ ከበሮ ቆጥሮ «ስድስት ጐራሽ» ብሎታል። በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል፣ በሚሸጐጠውና በሚጐርሰው መካከል፣ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ የቆየ የምሕንድስና ክርክር አለ። ከበሮው ብዙ በጐረሰ ቁጥር መሣሪያው ይወፍራል፤ መሣሪያው በቀጠነና በቀለለ ቁጥር ደግሞ በያዘው ሰው እጅ ላይ ይከፋል። ተሸጉጦ የሚውል ነገር በመሆኑም ሳይታሰብ ቢወድቅ ወይም ሕፃን ቢያገኘው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የክርክሩ ዋና መድረክ አሜሪካ ስለሆነች ታሪኩም በአብዛኛው የዚያ አገር ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ኮልት የአሜሪካ ፓተንቱን ያገኘው በየካቲት 25 ቀን 1836 ሲሆን ዕድሜው ገና 21 ዓመት ነበር። በኒው ጀርሲ ግዛት በፓተርሰን ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ ግን በ1842 ከሰረ። ስሙን እንደገና ያነሣለት በ1847 ለጦር ሠራዊት የተሠራው ዎከር የተባለው ሽጉጥ ነው። ዎከር ሁለት ኪሎ ያህል የሚመዝን ስለነበረ በኮርቻ ላይ እንጂ በሰው ወገብ ላይ የሚታሰር አልነበረም። ብዙዎች የኮልትን ዝና ከጦር ሜዳና ከላም ጠባቂዎች ጋር ያያይዙታል። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ከባሩድና ከአረር ዘመን ሽጉጦቹ ሁሉ በብዛት የሸጠው የ1849ን የኪስ ሽጉጥ ነው፤ ቁጥሩም ከ300 ሺህ በላይ ይደርሳል። አረሩ 0.31 ኢንች ብቻ የነበረ ሲሆን፣ አብዛኛው አምስት ጐራሽ ነበር። ገዢዎቹም ነጋዴዎች፣ ተጓዦችና የከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው በሕዝብ ገበያ ያሸነፈው ኃይለኛው ሳይሆን ትንሹ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ የጥይቱ ነው። በኮልት ዘመን ባሩዱና አረሩ ከከበሮው ፊት ለየብቻ እየተጠቀጠቁ ይገቡ ነበር። ሮሊን ኋይት የተባለ ሰው በሚያዝያ 1855 ከዳር እስከ ዳር የተበሳ ከበሮ ፓተንት አወጣ። ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን ይህን መብት ለእያንዳንዱ ሽጉጥ 25 ሳንቲም እየከፈሉ ተከራዩትና በ1857 ቀለህ ያለው ጥይት ከኋላ የሚጐርስ፣ ሰባት ጐራሽ የሆነ፣ 0.22 ኢንች ትንሽ ሽጉጥ ለገበያ አቀረቡ። በውሉ መሠረት ፓተንቱን በፍርድ ቤት የመከላከሉ ዕዳ የወደቀው በኋይት ላይ ነበርና ሰውየው ያገኘውን ገንዘብ በሙግት ጨረሰው። በ1869 የመብቱ ጊዜ ሲያልቅ እንዲራዘምለት በምክር ቤት የወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንት ግራንት በጥር 1870 ውድቅ አደረጉበት። የእርሱ መክሰር ግን ለሌሎች በር ከፈተ፤ የተበሳውን ከበሮ ማንም ሊሠራው ቻለ።

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የሚገኘው የዌብሊ ፋብሪካ በ1872 «ቡልዶግ» የተባለውን አጭርና ወፍራም አምስት ጐራሽ አወጣ። አፈሙዙ ሁለት ኢንች ተኩል ብቻ ሆኖ አረሩ ግን ትልቅ ነበር። የቤልጅግና የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ወዲያው ቀዱት። ቻርልስ ጊቶ በሐምሌ 2 ቀን 1881 በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን የመታው ከዚሁ ወገን በሆነ ሽጉጥ ነው። ገዳዩ ሽጉጡን ሲመርጥ ወደፊት በሙዚየም ሲቀመጥ ስለሚያምርበት እጀታ ማሰቡ ይነገራል። የሚገርመው ሽጉጡ በእርግጥ ለሙዚየም ተሰጥቶ በኋላ የገባበት መጥፋቱ ነው። ከርሱ አስቀድሞ በ1865 ሊንከን የተገደሉት በአንድ ጥይት የዴሪንጀር የኪስ ሽጉጥ ነበር። በመስከረም 1901 ደግሞ በቡፋሎ ከተማ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ሰላምታ ለመቀበል በቆሙበት፣ ገዳዩ 0.32 ኢንች አይቨር ጆንሰን ሪቮልቨር በመሐረብ ሸፍኖ ቀረባቸው። በመሐረብ ሊሸፈን መቻሉ ፋብሪካው ለገዢ የሚያቀርበው የመሣሪያው ምስጉን ጠባይ ነበር። ያው ጠባይ ነው የአገር መሪ ያስገደለው። የኒው ዮርክ ግዛት በ1911 ባወጣው የሱሊቫን ሕግ ሊሸጐጥ የሚችል መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን የከለከለው ይህን የመሰለው ነገር ከተደጋገመ በኋላ ነው።

ነገር ግን የሪቮልቨር ሠሪዎችን ይበልጥ ያስጨነቀው ሌላ ሞት ነበር፤ ይኸውም ማንም ሳይፈልገው የሚደርሰው። በጥንቱ አሠራር የመዶሻው አፍ ወይም መርፌው በቀጥታ በጥይቱ ቂጥ ላይ ያርፋል። ሽጉጡ ከኪስ ወድቆ በመዶሻው በኩል መሬት ቢመታ ይተኩሳል። አዋቂ ሰው መፍትሔ አድርጎ የያዘው ከመዶሻው ሥር ያለውን አንዱን ጉሮሮ ባዶ መተው ነበር። ስለዚህ ስድስት ጐራሽ የተባለው በተግባር አምስት፣ አምስት ጐራሽ የተባለውም አራት ይጐርስ ነበር። የመሣሪያው ጉድለት በተጠቃሚው ጥንቃቄ የሚሸፈን ከሆነ ጉድለቱ አልታረመም ማለት ነው። አንድ ቀን የሚረሳ ሰው አይጠፋም።

ስሚዝ እና ዌሰን በ1887 ያወጡት መዶሻው በአካሉ ውስጥ የተደበቀ ሽጉጥ የመጀመሪያው ከባድ ሙከራ ነው ሊባል ይችላል። ከእጀታው ጀርባ አንድ ማገጃ ሰሌዳ ነበረው። መዳፍ እጀታውን አጥብቆ ካልጨበጠው በቀር ምላጩ ቢሳብም መዶሻው አይነሣም። ሕዝቡም በአጨባበጡ ምክንያት «ሎሚ መጭመቂያ» የሚል ቅጽል አወጣለት። ዳንኤል ዌሰን ይህን ያሰበው አንድ ሕፃን በሽጉጥ መጐዳቱን ሰምቶ እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። ነገሩ እውነት ሆነም አልሆነ፣ የምላጩ ክብደትና የማገጃው አቀማመጥ የሕፃን እጅ ኃይል ታስቦበት መሠራቱን ይመሰክራሉ።

ሁለተኛው መፍትሔ የአይቨር ጆንሰን ነው። በዚህ አሠራር መዶሻው ወደፊት ሲወድቅ የሚያርፈው በሽጉጡ አካል ላይ እንጂ በመርፌው ላይ አይደለም። ምላጩ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ብቻ አንዲት ትንሽ የብረት ዘንግ ከታች ተነሥታ በመዶሻውና በመርፌው መካከል ትገባለች፤ ምቱንም ታስተላልፋለች። ምላጩ ካልተሳበ መዶሻውን በሌላ መዶሻ ቢቀጠቅጡት እንኳ አይተኩስም። ፋብሪካውም ይህንኑ ማስታወቂያ አድርጎ በየጋዜጣው አሳተመ። ከማስታወቂያዎቹ አንዱ ግን ዛሬ ሲያዩት ያስደነግጣል። ትንሽ ልጅ በአልጋዋ ላይ ከአሻንጉሊቷ ጋር ተቀምጣ ሪቮልቨር ስትጫወትበት ያሳያል። መሐንዲሱ የሠራው ነገር እውነተኛ ነበር፤ ሻጩ ከዚያ የወሰደው ትርጉም ግን ሐሰት ነው። ዘንጓ የምትከላከለው በመዶሻው ላይ የሚመጣን ምት እንጂ በምላጩ ላይ ያረፈን ጣት አይደለም። አንድ መከላከያ ከምን እንደሚያድን በግልጽ የማይነገር ከሆነ ከማይከላከለው አደጋ ጋር ሰውን ያዘናጋል።

ኮልትም በዚያው ዘመን መግቢያ ላይ በመዶሻውና በአካሉ መካከል ጣልቃ የሚገባ ማገጃ በፖሊስ ሽጉጦቹ ላይ አስገባ። የስሚዝ እና ዌሰን ማገጃ ግን ለረጅም ጊዜ ወደ ቦታው የሚመለሰው በራሱ ቀጭን ሞላ ኃይል ብቻ ነበር። በ1944 ከአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ የፋብሪካው ሽጉጥ በብረት ወለል ላይ ወድቆ ተኰሰና አንድ መርከበኛ ገደለ። የፋብሪካው መሐንዲሶች ፈጥነው አዲስ ማገጃ ሠሩ። አዲሱ ማገጃ በሞላ አይታመንም፤ ምላጩ በተለቀቀ ቁጥር ከውስጥ በሚንሸራተተው ክፍል ተገፍቶ በግድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሞላ ሊደክም፣ ቅባት ሊደርቅና ሊያጣብቀው ይችላል። በብረት የሚገፋ ብረት ግን ወይ ይመለሳል፣ ወይ ተሰብሮ ጉድለቱን ይናገራል።

በማገጃና በአስተላላፊ ዘንግ መካከል ያለው ልዩነት በባለሙያ ዘንድ ሊዘነጋ አይገባውም። ማገጃ ሲሰበር ሽጉጡ መተኰሱን አይተውም፤ የሚጠፋው መከላከያው ብቻ ስለሆነ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። አስተላላፊ ዘንግ ሲሰበር ግን ሽጉጡ ጭራሽ አይተኩስም። የመጀመሪያው ለተኳሹ፣ ሁለተኛው በዙሪያው ላሉት ያደላል። ስተርም ሩገር የተባለው ፋብሪካ በ1973 በሁሉም ባለ አንድ አሠራር ሪቮልቨሮቹ ላይ የአስተላላፊ ዘንግን አስገባ። ከ1982 ጀምሮም ቀድሞ የሸጣቸውን ያለ ምንም ክፍያ እየተቀበለ በአዲሱ አሠራር ሲለውጥ ቆይቷል፤ የወጡትንም አሮጌ ዕቃዎች ለባለቤቱ ይመልሳል። ለጥንት ዕቃ ፍቅር ያላቸው ብዙዎች ሳያስለውጡ መቅረታቸው የፋብሪካው ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ክርክር እንመለስ። በ1927 ኮልት «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» የተባለውን ስድስት ጐራሽ አወጣ። ለፖሊስ የሚሠራው 0.38 ስፔሻል ሪቮልቨር አፈሙዙ ወደ ሁለት ኢንች አጥሮ የቀረበ ሲሆን፣ ክብደቱ 600 ግራም ገደማ ነበር። ለሃያ ሦስት ዓመት ያህል ተወዳዳሪው ጥቂት ነበር። በጥቅምት 1950 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የፖሊስ አዛዦች ዓለም አቀፍ ማኅበር ሲሰበሰብ ስሚዝ እና ዌሰን ያንኑ ጥይት የሚጐርስ ነገር ግን አምስት ብቻ የሚይዝ ሽጉጥ አቀረቡ። «ቺፍስ ስፔሻል» የሚለውን ስምም ከዚያው ጉባኤ ወሰደ።

አንድ ጥይት በመቀነስ ምን ተገኘ? የ0.38 ስፔሻል ጥይት ቂጡ 11.2 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ቂጦቹ እንዳይደራረቡ የሁለት ጐረቤት ጉሮሮዎች ማእከል ቢያንስ ይህን ያህል መራራቅ ይገባዋል። በስድስት ጐራሽ የጉሮሮዎቹ ማእከሎች እኩል ጐን ያለው ስድስት ማዕዘን ስለሚሠሩ፣ የክቡ ሬዲየስ ከጐኑ ጋር እኩል ነው፤ 11.2 ሚሊሜትር። በአምስት ጐራሽ ግን ያው ርቀት በ9.5 ሚሊሜትር ሬዲየስ ይገኛል። በዲያሜትር ሲታሰብ ልዩነቱ ከሦስት ሚሊሜትር በላይ ይሆናል። በተግባር የኮልቱ ከበሮ 35.5፣ የስሚዝ እና ዌሰኑ 33 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን ሚሊሜትር የሚንቅ ሰው በቀበቶና በሸሚዝ መካከል ቀኑን ሙሉ ብረት ይዞ ያልዋለ ነው።

ሁለተኛ ጥቅምም አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርለትም። ከበሮው በተኩስ ጊዜ እንዳይዞር የሚይዘው ቁልፍ ከታች ሲሆን፣ ለርሱም በከበሮው ገላ ላይ ጉድጓድ ይቈረጣል። ከላይ የሚተኩሰው ጉሮሮ ከአፈሙዙ ጋር ሲገጥም፣ በስድስት ጐራሽ ከበታቹ በቀጥታ ትይዩ ሌላ ጉሮሮ ይገኛል። ስለዚህ ቁልፉ ልክ ከታች ከሆነ ጉድጓዱ የሚቈረጠው ግድግዳው ከሁሉ በሳሳበት ቦታ ላይ ነው። በአምስት ጐራሽ ግን ትይዩው በሁለት ጉሮሮዎች መካከል፣ ብረቱ በሚወፍርበት ላይ ይውላል። ስለዚህ ጐደሎ ቁጥሩ ከበሮውን አሳንሶ ሳለ የደከመውን ቦታ አጠነከረው። ከውስጥም የቀድሞዎቹን እንደ ባልስትራ ያለ ጠፍጣፋ ሞላ ትቶ ጥምዝ ሞላ ስለተጠቀመ እጀታው ሊያጥር ቻለ። የአምስት ጐራሹ ድል ከጥይት ቁጥር መቀነስ ይልቅ ከዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የመጣ ነው።

የክብደቱ ነገር ግን በዚህ አላበቃም። በ1950 ኮልት አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ «ኮብራ» የተባለ ሪቮልቨር አወጣ፤ ጃክ ሩቢ በኅዳር 1963 ኦስዋልድን የገደለበት ሽጉጥ ከዚህ ዓይነት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይልም በ1951 ገደማ ለአብራሪዎቹ ከዚህ የቀለለ ጠየቀ። ኮልትና ስሚዝ እና ዌሰን አካሉን ብቻ ሳይሆን ከበሮውንም ከአሉሚኒየም ሠሩት። የኮልቱ 300 ግራም ጥቂት ያለፈ ነበር። በሥዕል ጠረጴዛ ላይ የሚያኰራ ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ በከበሮው ውስጥ በስኩዌር ኢንች 17 ሺህ ፓውንድ የሚደርስ ግፊት ይነሣል፤ የአሉሚኒየሙ ግድግዳ ይህን ደጋግሞ ሊችለው አልቻለም። አየር ኃይሉ ግፊቱ የተቀነሰ ልዩ ጥይት እስከ ማሠራት ደረሰ። ነገር ግን ተራው ጥይትም በዚያው ጉሮሮ ውስጥ ይገባልና፣ ለተሳሳተ ጥይት በሩ ክፍት የሆነ መሣሪያ ደህና ነው ሊባል አይችልም። በመጨረሻም ሽጉጦቹ ከአገልግሎት ወጥተው አብዛኞቹ እንዲወድሙ ተደረገ። ለሕዝብ የተሸጡት ቀላል ሽጉጦች ከበሮ ወደ ዐረብ ብረት ተመለሰ።

ከበሮው ቢችል እንኳ እጅ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። 10.2 ግራም የሆነ አረር በሰከንድ 230 ሜትር ሲወጣ፣ የጋዙን ድርሻ ትተን፣ 550 ግራም የሚመዝን ሽጉጥ በሰከንድ 4.3 ሜትር ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ጉልበቱም 5 ጁል ያህል ነው። ያው ጥይት ከ340 ግራም ሽጉጥ ሲተኰስ ጉልበቱ ከ8 ጁል ያልፋል። ሞመንተሙ አንድ ሆኖ ክብደቱ ሲቀንስ የርግጫው ጉልበት በዚያው መጠን ይጨምራልና ከዚህ የሚያመልጥ ብልሃት የለም። በ2001 ስሚዝ እና ዌሰን ስካንዲየም የተጨመረበት የአሉሚኒየም አካልና የቲታኒየም ከበሮ ያለው፣ 0.357 ማግነም ጥይት የሚተኩስ የኪስ ሽጉጥ ባወጡ ጊዜ ያው ሒሳብ 14 ጁል ገደማ ይሰጣል። የብረታ ብረት ጥናት ከ1951 ወዲህ እጅግ ስለተራመደ ከበሮው ግፊቱን ችሎታል። የሰው አንጓ ግን ያው የቀድሞው ነው። እንዲህ ባለው ቀላል ሽጉጥ ርግጫው ከመበርታቱ የተነሣ ያልተተኰሱት ጥይቶች አረር ከቀለሁ እየተሳበ ወደፊት በመውጣት ከበሮውን የሚያስርበት ጊዜም አለ።

ከዚህ ላይ የምላጩን ክብደት መጨመር ያሻል። በድርብ አሠራር ምላጩን ለመሳብ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም ከሽጉጡ ክብደት አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው። በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ትንሽ መናወጥ አረሩን ከዒላማው ያርቀዋል። የመዶሻው ቀንድ በልብስ እንዳይያዝ የኮልት ባልደረባ የነበረው ፊትዝጄራልድ ከጥንት ጀምሮ ይቈርጠው ነበር፤ ከምላጩ ዙሪያ የሚገኘውን ቀለበት ፊት ለፊትም አብሮ ይቈርጥ ስለነበር ጣት በቶሎ እንዲገባ ሲል ጨርቅም በቶሎ እንዲገባ አድርጓል። ስሚዝ እና ዌሰን በ1952 መዶሻውን ጨርሰው የደበቁበት «ሴንቴኒያል» እና በ1955 ቀንዱን በሁለት ክንፍ መካከል የከለሉበት «ቦዲጋርድ» ለዚሁ ችግር የተሻሉ መልሶች ናቸው።

ታዲያ መራጩ ምን ያደርጋል? ሻጭ ዘወትር የሚያሳየው ቀላሉን ነው፤ በሱቅ ውስጥ ቀላሉ ደስ ይላል፤ አይተኰስማ። ቀላሉን የገዛ ሰው ግን አምስት ጥይት ተኩሶ መዳፉን እያሻሸ ያስቀምጠዋል፤ ሁለተኛም ለልምምድ አያወጣውም። ያልተለማመደበትን መሣሪያ በሕዝብ መካከል ይዞ የሚሄድ ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ለሚያልፈው ሁሉ አደጋ ነው። ከዐረብ ብረት የተሠራው አምስት ጐራሽ ኪስ ቢያጐብጥም ዓመቱን ሙሉ የሚለማመዱበት ስለሆነ ከሁሉ የተሻለ ስምምነት ሆኖ ኖሯል። በ1965 ያው ሽጉጥ ከማይዝግ ብረት ሲሠራ የላብና የዝገት ችግሩም ተቃለለ።

ሕጉና ገበያው በበኩላቸው ብዙ ተለዋውጠዋል። ሮበርት ኬኔዲ በሰኔ 1968 በ0.22 ኢንች የኪስ ሪቮልቨር ከተገደሉ በኋላ በዚያው ዓመት በጥቅምት የወጣው ሕግ ርካሽ ትናንሽ ሽጉጦች ከውጭ እንዳይገቡ ገደበ። ሆኖም ዕቃዎቹ ተለያይተው ገብተው በአገር ውስጥ ይገጣጠሙ ነበርና በመጋቢት 1981 ፕሬዚዳንት ሬገን የቆሰሉት በጀርመን ሬም ፋብሪካ ስም በሚታወቅ እንዲህ ባለ ሽጉጥ ነው። በ1987 ፍሎሪዳ መመዘኛውን ለሚያሟላ ሁሉ ሸጉጦ የመያዝ ፈቃድ እንዲሰጥ ደነገገች፤ ብዙ ግዛቶችም ተከተሏት። በሰኔ 2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሱሊቫን ሕግ የወረደውን፣ አመልካቹ ልዩ ምክንያት እንዲያሳይ የሚጠይቀውን የኒው ዮርክ ድንጋጌ ሻረው። የኒው ዮርክ ከተማ ፖሊስ ግን በ1993 ወደ አውቶማቲክ ሽጉጥ መሸጋገር ጀምሮ በ2018 የመጨረሻዎቹን የአገልግሎት ሪቮልቨሮች አሰናብቶ ነበር። ስለዚህ ፖሊስ የተወው ሪቮልቨር በሲቪሉ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ሩገር በ2009 የምላጩን ክፍሎች የሚይዘውን አካል ከፕላስቲክ ሠርቶ 380 ግራም ገደማ የሆነ አምስት ጐራሽ አወጣ። የምላጩ አሳሳብ ከአሮጌዎቹ የለሰለሰ በመሆኑ ብዙዎችን አስደስቷል፤ ርግጫው ግን ከላይ በተሰላው ሒሳብ ይገዛል። ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላም ኮልት በ2017 የ«ኮብራ»ን ስም መልሶ አነሣ። አዲሱ ኮብራ እንደ ጥንቱ ስድስት ጐራሽ ነው፤ አፈሙዙም ሁለት ኢንች ነው። አካሉ ግን አሉሚኒየም አይደለም። ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ 700 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይኸውም ፋብሪካው በ1951 ለአብራሪዎቹ ከሠራው ሽጉጥ ሁለት እጥፍ በላይ ነው።